ሳላነብ የመለስሁት ጥያቄ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እኅቴ ለሥራነሽ፤ ቤይሩት።

እታለም፣ እንዴት ከረምሽ? ወገብሽን የሚይዝሽ ሕመም ተወሽ ወይ? አሠሪሽስ የእሑድ ዕረፍትሽን ትሰጥሻለች ወይስ እንደ ድሮው በሰበብ ታስቀርሻለች? ከታች ፎቅ የምትሠራው ጓደኛሽ ሄለንስ እንዴት ናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እማ ጉልበቷን ቢያማትም ከቅዳሴ አልቀረችም። እኔም ደኅና ነኝ ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ደኅና አይደለሁም።

አምስት ወር ሙሉ ስልኬን አላነሣሽም። እውነትሽን ነው። ብታነሺውም አፌ ይተሳሰር ነበር። ስለዚህ የጎረቤታችን ልጅ የብርጓል ዕረፍቷን ጨርሳ ወደ ቤይሩት ስትመለስ ይህን በእጇ ላክሁልሽ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ሳትጨርሺ እንዳትቀድጂው አደራሽን።

እንደምታውቂው ፌስቡክ ላይ «መምህር ይሄይስ» ነበርሁ። ቀን ደብረ ማርቆስ ላይ ታሪክ አስተምራለሁ፤ ከክፍል ስወጣ ደግሞ ዓለምን አስተምራለሁ! አራት ሺህ ሰው ይከተለኝ ነበር። ባለቤቴ ሔዋን «አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ ስትስቅ እንኳ በስልክ ካልሆነ አታያትም» ስትለኝ ቅናት ይመስለኝ ነበር። ጉድ እኮ ነው፣ በምኔ ልትቀና!

ጥቅምት ላይ የሰፈራችን ኪዳነ ምሕረት ግቢ ያሉት አሮጌ ወይራዎች ይቆረጡና አዳራሽ ይሠራ የሚል ሐሳብ ተነሣ። እኔም «ዛፍ ላለፈው፣ አዳራሽ ለሚመጣው» ብዬ ረጅም ጽሑፍ ለጠፍሁ። ሰዉ አጨበጨበልኝ። ከሥሩ አንዲት «የእመቤቴ ልጅ» የምትባል፣ በራሷ ፎቶ ፈንታ የጽጌረዳ ሥዕል ያደረገች ሴት ጥያቄ ጻፈች። የመጀመሪያውን መስመር አየት አድርጌ ተውሁት። ገጿን ከፍቼ ዐረብ አገር መሆኗን ሳውቅ «የሰው አገር ሰሃን አጣቢ ሁሉ ተነሥታ ስለ ቤተ ክርስቲያን ታስተምረን ጀመር» ብዬ መለስሁላት። አራት መቶ ሰው ሳቀ። እኔም ደስ አለኝ።

እታለም፣ አንቺ መሆንሽን አላወቅሁም። ይህን የምልሽ ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም። ሌላ ሴት ብትሆንስ ኖሮ የማንን እኅት ነበር የሰደብሁት? አንቺ ባጠብሽው ሰሃን ተምሬ እኮ ነው ዲግሪ የያዝሁት! ይህን ሳስብ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወዳለሁ።

ያወቅሁት ለጥምቀት እማ ቤት ሄጄ ነው። ምሳ ቀርቦ «ሥራነሽ ስልኬን ለምን አታነሣም?» ብዬ ጠየቅኋት። እሷ ምስኪን ነገሩን ከየት ታውቀዋለች፤ «ሰሃን አጣቢ ብሎኛል፤ እውነቱን ነው፣ ሥራዬ ነው ብላኛለች» አለችኝ። ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ። ወጥቼ ከበረቱ ጀርባ ቆምሁና ያንን ጽሑፍ ፈለግሁ። ጥያቄሽን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነበብሁት ያን ጊዜ ገና ነው። እንደ ሕፃን አለቀስሁ። አራት ሺህ ተከታይ ምን ያደርግልኛል፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

በማግሥቱ ደብረ ወርቅ ሄጄ የድሮ መምህሬ መሪጌታ አካለ ወልድ እግር ላይ ወደቅሁና «የኔታ፣ ይፍቱኝ» አልሁ። ዐይናቸው ደክሟል፤ ምላሳቸው ግን ያው ነው። ፌስቡክ ምን እንደሆነ እንደምንም ብዬ አስረዳኋቸው። «ይኸ የምትለው ጉባኤ ነው ወይስ ገበያ?» አሉኝ። ቀጥለውም «ለመሆኑ ሴቲቱ ምን ብላ ጠየቀችህ?» ቢሉኝ ጥያቄሽን በቃሌ ነገርኋቸው። እሳቸውም «እኔ ዘንድ ስትማር የጠያቂውን ቃል ሳትደግም መልስ ብትሰጥ ምን አደርግህ ነበር?» አሉ። «ጉባኤው እስኪፈታ ድረስ ያስቆሙኝ ነበር» አልኋቸው። «እንግዲያው ቁም። የበደልሃት እሷን ነው፤ እሷ ይቅር ሳትልህ እኔ አልፈታህም» ብለው ሰደዱኝ። እስካሁን አልፈቱኝም።

ከዚያ ስመለስ በዚያው ገጽ ላይ ጥፋቴን ጻፍሁ። ስምሽን አልጠራሁም፤ የሰደብኋት ሴት ከእኔም አብራችሁኝ ከሳቃችሁትም ትበልጣለች አልሁ። ሦስት ቀን አቆይቼ ገጹን ዘጋሁት። አንዱ ተገዝቶ ነው አለ፣ ሌላው አበደ አለ። ይበሉ። ሱስ ክፉ ነው፣ መጀመሪያ ሰሞን እጄ ሳላዘው ኪሴን ይዳብስ ነበር። ልጄ ሁለት ጥርስ ማብቀሏን ያየሁትም ያን ሰሞን ነው።

አሁን አሥራ አንድ ሆነን ቴሌግራም ላይ ትንሽ መወያያ አለችን። ነርሷ ፈንታዬ አለች፤ የደጀን ከተማው የከባድ መኪና ሾፌር ደምለው አለ። ይኸ ሰውዬ መኪናውን ጥግ አቁሞ የሚጽፈው ነገር የእኔን ዲግሪ ያስንቃል። ሕጋችንን ከየኔታ ወስጃታለሁ፤ መልስ የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ የጠያቂውን ሐሳብ በራሱ ቃል ይደግማል፤ ጠያቂው «አዎ፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» ካላለ መልስ የለም። መጀመሪያ ሰለቸኝ፣ የሚያጨብጭብ የለማ! ባለፈው የደምለውን ሐሳብ ሦስት ጊዜ ብደግምለት ሦስት ጊዜም «እንዲህ አላልሁም» አለኝ። ደሜ ፈላ። በአራተኛው ገባኝ፤ ሲገባኝ ደግሞ እሱ ትክክል ነበር። ፌስቡክ ላይ በኖርሁበት ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አንድ ቀን አልገጠመኝም።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እማን ወይራው ዘንድ ውሰጂኝ አልኋት። በትሯን ተደግፋ ሄደችና ከበሩ በኩል ወደ ላይ በወጣው ሥር ላይ እጇን አኖረች። «ታዲዮስ እዚህ ነው» አለችኝ። ልጅሽ በሦስተኛ ወሩ ሲያርፍ እኔ ቆሎ ተማሪ ነበርሁ፤ ለቀብሩም አልደረስሁ፣ በኋላም የት ነው ብዬ አልጠየቅሁሽ። የወይራው ነገር ገና አልተወሰነም፤ ሰበካ ጉባኤው ከፋሲካ በኋላ ምእመናኑን ሰብስቦ ያነጋግራል። እኔም እንድናገር ተጠርቻለሁ።

እማ ጉንጭሽን ትስማለች፤ የላክሽላት ቀሚስ ልኳ ሆኗል፣ ለፋሲካ ትለብሰዋለች። ሔዋን በጣም ናፍቀሻታል፤ ይህን ደብዳቤ ሳልጨርስ እንዳልነሣ ከጎኔ ተቀምጣለች። ልጃችን ፎቶሽን እያየች «ታታ» ትላለች። ለሄለንም ሰላምታችንን አድርሽልን።

የእኔን ሰላምታ ግን ገና አልላክሁም። አስቀድሜ ጥያቄሽን ልድገም። ያልሽው ይህ ነው፤ ከወይራው ሥር ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶች አሉ፤ ለሕፃን ሐውልት አይቆምለትም፤ ዛፉ ከተቆረጠ፣ እናቲቱ ከሰው አገር ስትመለስ ልጇ የት እንደተኛ በምን ታውቃለች?

እታለም፣ ያልሽው ይህንኑ ነው? የጎደለ ካለ አርሚኝ፤ እስኪሞላ እደግመዋለሁ።

ወንድምሽ ይሄይስ
ደብረ ማርቆስ፤ መጋቢት ፲፱ ቀን ፳፻፲ ዓ.ም.