ድንጋይ የምንልስ ቤተሰብ

ጥቅምት 2

ቅዳሜ። ሰው በእረፍት ቀኑ ልብስ ያጥባል፣ እኛ ድንጋይ እናጥባለን።

ጠዋት ከድልድዩ ወዲያ ወዳለው ኮረብታ። መንገድ ሠሪዎቹ ጎኑን ገምሰውታል፣ ሆድ ዕቃው ሁሉ ውጭ ነው። ባሌ ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ዶዘር ሲነዳ ሰንብቶ በእረፍት ቀኑም ካልሄድን ይላል። ሌላዋ ባሏን ከሴት ትጠብቃለች፣ እኔ ከድንጋይ። ልጃችን ጠጠር ከፊት ከፊታችን ትሮጣለች፣ ኪሷ ከብዶ ቀሚሷ ባንድ ጎን ተንዘላዝሎ… ጠጠር ያላት አባቷ ነው። ስትወለድ ትንሽና ድርቅ ያለች ነበረች። ይኸው ሰባት ዓመቷ ነው፣ በመዝገብ ስሟ የምትጠራት አስተማሪዋ ብቻ ናት።

ከሰዓት በረንዳ ላይ ሳፋ። ድንጋዮቹን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግናቸው። ከዚያ መላስ። የቤታችን ሕግ ነው። ደረቅ ድንጋይ መልኩን ይደብቃል፣ ምራቅ ሲነካው ቀለሙ ይወጣል፣ ጨው ያለበትም በምላስ ይለያል ይላል እሱ። ወጣት ሳለ አብሮት ይሠራ ከነበረ የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ የለመደው ነው። ሦስታችንም ምላሳችንን አውጥተን… ጎረቤት ቢያየን ምን ይለን ይሆን? ሳቅን። የኔው አፈር አፈር አለኝ።

የላስነውን በእንቁላል ካርቶን ደረደርን። የጠጠር «መስታወቴ» ግን ካርቶን አይገባም። ባለፈው ክረምት አባቷ ሩቅ ሥራ ሄዶ ያመጣላት ነው። የቡጢ ያህል፣ ግራጫ፣ ለመጠኑ ከባድ። የተሰበረበት ቦታ ሁሉ በትንንሽ መስታወት የተሠራ ይመስላል። ሲቆይ ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት ነገር ያወጣል። ያን ጊዜ ትልሰዋለች፣ እንደገና ያበራል። የሚያድረው ከትራሷ ሥር ነው። «ብር ቢሆንስ?» አለኝ ባሌ። ብር ከሆነ ዳግመኛ አገባሃለሁ አልኩት።

ጠጠር ራቷን አልበላችም። ሆዴን አለች።

ጥቅምት 12

አሁንም ሆዴን። የምሳ ዕቃዋ እንደሄደ ተመለሰ። ከሳች… ወይስ ለኔ ነው የከሳችብኝ?

ጥቅምት 20

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የትል መድኃኒት ሰጧት። በምሠራበት ስፌት ቤት ከጎኔ የጨርቅ ጠርዝ የምትሰፋው ባለ ኦቨርሎኳ፣ አፏ ከስፌት መኪናዋ የሚፈጥነው፣ «ትል የሌለበት ልጅ የታለ? የኔዎቹ ከትላቸው ጋር ነው ያደጉት» አለችኝ። ሳቅሁ። ቀኑን ሙሉ የዩኒፎርም ኮሌታ ስሰፋ ዋልኩ፣ ሐሳቤ ግን ቤት ነው። ጥቂቱን ገልብጬ ሰፋሁት። አለቃዬ አየ፣ ራሱ ይተረትረው ጀመር። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 3

አስተማሪዋ አስጠራችኝ። ልጆቹ ወጥተዋል፣ ትንሿ ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተቀመጥኩ።

«ቤት ውስጥ የተፈጠረ ነገር አለ እንዴ?»

«ኧረ ምንም። ምነው?»

«አምና ለክፍሉ የምታነብልን እሷ ነበረች። አሁን መስመሩ ይጠፋባታል። ትናንት ደግሞ ጓደኛዋን ነከሰቻት።»

ጠጠር? ሰው ነከሰች? የሱቁን ታፔላ ሁሉ ካላነበብኩ ብላ ከመንገድ የምታስቀረኝ ልጅ?

ቤት ገብተን መጽሐፉን ሰጠኋት። የምታውቀውን ቃል እንደ እንግዳ ሰው ታየዋለች። ጠበቅኋት። እንደገና አየችው… ከዚያ መጽሐፉን ወርውራ «አልችልም አልኩሽ!» ብላ ጮኸችብኝ። እንዲህ ጮኻብኝ አታውቅም። ፈራሁ።

ኅዳር 10

ተጣላን፣ እኔና እሱ።

«ልጅ ናት፣ ይተዋታል።»

«ምኑ ነው የሚተዋት? ስሙን ንገረኛ!»

«ታዲያ እኔ ሐኪም ነኝ?»

እሱም ጨንቆታል፣ ሲጨንቀው እንዲህ ነው። ልጅቷን ለማስደሰት በረንዳ አወጣትና ከዚያ ከሩቁ ሥራ ከመስታወቴ ጋር ያመጣቸውን ሌሎቹን ግራጫ ድንጋዮች በመዶሻ ይሰብሩ ጀመር። አቧራው እስከ ማድ ቤት ገባ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እቆጣ ነበር። ጠጠር ሳቀች፣ ተውኳቸው። ለካ ሳቋን ከሰማሁ ሰነባብቻለሁ።

ኅዳር 17

ደረጃ ላይ ወደቀች። እግሬ እምቢ አለኝ አለች። ሆስፒታል በረርን። ደም አንሷታል ተባለ፣ ሽሮፕ ጻፉልን። እንዲህ ገርጥታ፣ ሽሮፕ! ለምን አነሳት ብዬ ብጠይቅ «በደንብ መግቢያት» አለኝ ልጅ እግሩ ሐኪም። እኔ ልጄን የማላበላ ይመስል።

አምላኬ፣ ልጄ እጄ ላይ እያለች እየጠፋችብኝ ነው። ማንን ልያዝ? ወዴት ልበል?

ኅዳር 26

ሁሉንም እንደነበረው ልጻፈው።

ባለ ኦቨርሎኳ ተሯሩጣ ከታወቁ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ አስገባችን። ትልቅ ሴት ናቸው፣ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ። አይቸኩሉም። የጠጠርን ድድ አዩ፣ ጉልበቷን መታ መታ አደረጉ፣ ከዚያ ጥያቄ ብቻ።

«አፈር ትበላለች?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ግድግዳችሁ የሚላጥ ቀለም አለው?»

«የለውም።»

«ቤት ውስጥ ባትሪ የሚፈታ፣ ብረት የሚያቀልጥ?»

«አባቷ ዶዘር ነው የሚነዳው።»

እሳቸው ይጽፋሉ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት እንዳይበተን የሚጫኑበት አረንጓዴ ድንጋይ አለ። ጠጠር አነሳችው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችው። ከዚያ ላሰችው። እኛ ቤት ሁሌም እንደምታደርገው፣ ሳታስብ።

ብዕራቸው ቆመ።

«ምን እያደረገች ነው?»

እኔ ደግሞ… ኮራሁ! ጉዴን እዩልኝ፣ ኮራሁ። «ቀለሙን እያየች ነው ዶክተር። ድንጋይ እንሰበስባለን፣ እኛ ቤት ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» አልኩ።

መነጽራቸውን አወረዱ። እኔን ትተው ወደሷ ዞሩ።

«የኔ ቆንጆ፣ ቤት ካሉሽ ድንጋዮች በጣም የሚከብድ አለ? የሚያብረቀርቅ?»

«አዎ፣ መስታወቴ። አብሬው ነው የምተኛው።»

«እሱንስ ትልሺዋለሽ?»

«ሲያድፍ።»

ከዚያ በኋላ የተናገሩትን ግማሹን ነው የሰማሁት። እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት ያለበት ድንጋይ ሳይሆን አይቀርም። ትልቅ ሰው አንዴ ሁለቴ ቢልሰው ላይነካው ይችላል። ወራት ሙሉ ስትልሰው፣ ሲሰበር አቧራውን ስትስበው የከረመች ሕፃን ግን… ደም ቀዱላት። አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ኅዳር 27

ለባሌ ነገርኩት። ሳቀ መጀመሪያ። «ዕድሜ ልኬን ስልስ ኖሬያለሁ፣ ምን ሆንኩ?» ከትራሷ ሥር መስታወቴን አውጥቶ ፊት ለፊቴ ላሰው። «ይኸው! ምን ሆንኩ?»

እጁን መታሁት። ድንጋዩ ወድቆ የወለሉን ሸክላ ሰነጠቀው። ሁለታችንም ስንጥቁን እያየን ቆምን። ጠጠር ከበሩ ኋላ ነበረች።

ታኅሣሥ 4

ውጤቱ መጣ። ደሟ ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚፈቀደው ብዙ እጥፍ ነው። የኛም ታየ፣ ትንሽ ትንሽ አለብን፣ ለአዋቂ አያሰጋም አሉ። እኔ ላይ በሆነና እሷን በተዋት!

«አንጎሏስ?» አልኳቸው ሐኪሟን።

«ያንን በደም አናየውም፣ እናቷ። ጊዜ ነው የሚነግረን።»

እሱ በሩ ሥር ኮፍያውን ይዞ ቆሟል። ስንመለስ፣ ዕድሜውን ሁሉ መሬት መሬት ሲያይ የሚሄድ ሰው፣ ዛሬ ቀና ብሎ ሄዶ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላተመ። ሌላ ቀን ቢሆን ስቄ አልጨርስም ነበር።

ታኅሣሥ 6

መጥረግ የለም፣ አቧራው ይነሳል። በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ብለውኛል። ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ የወንበሩን እግር፣ የአሻንጉሊቷን ፊት ሳይቀር ወለወልኩ። ፍራሿን፣ ትራሷን፣ ምንጣፉን አስወጣሁ። ጨርቁ የጠራ መስሎኝ እንደገና ስወለውል አሁንም ግራጫ። ልጄን ስመርዝ የኖርኩት በገዛ ቤቴ ነው?

እሱ ድንጋዮቹን በማዳበሪያ ከረጢት አሰረ። መልካሙንም ክፉውንም፣ አልመረጠም። ሥራ ቦታው ወስዶ በዶዘር ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ የመንገዱ አፈር የሚሞላበት ቦታ ቀበራቸው። ማንም ልጅ እንዳያገኛቸው ብሎ። ጠጠር መስታወቴን ሲወስድ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። «ሌባ! አባዬ ሌባ!» ሳስለቅቃት እጄን ነከሰችኝ። ተውኳት፣ ትንከሰኝ።

ታኅሣሥ 13

እርሳሱን ከደሟ ያወጣል ብለው ሐኪሟ ያዘዙት መድኃኒት የለም። ከተማውን ዞርኩት። አንዱ ፋርማሲ «የለም»፣ ሌላው «ስሙንም አላውቀው»፣ ሌላው «ሳምንት ብቅ በይ»። ሳምንት! ቤት ስመለስ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የማታውቀኝ ሴት አልፋኝ ሄዳ ተመለሰች፣ «አመመሽ እህቴ?» አለችኝ።

ታኅሣሥ 14

ትምህርት ቤት ሳለች ዓይኗ ተገለበጠ፣ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ። ስደርስ አስተማሪዋ መሬት ላይ አቅፋታለች። ሆስፒታል ተኝታለች። አታውቀኝም።

ታኅሣሥ 15

አለች። ትተነፍሳለች። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ታኅሣሥ 19

ሐኪሟ ሌላ ሆስፒታል ደውለው፣ ለምነው፣ መድኃኒቱን አስመጡልን። መርፌ ነው፣ ያማል። እሷ ስታለቅስ እኔ ደስ አለኝ። ትናንት ሲወጓት እንኳ አላለቀሰችማ። ከለቅሶዋ በኋላ «እማ» አለች። እማ! አንድ ቃል። ተመስገን ልበል? ገና እፈራለሁ።

ጥር 7

ቤት ገብተናል። አሁን እንክብል ነው፣ ፈትተን ሙዝ ላይ እንነሰንሳለን። የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ጠጠር አፍንጫዋን ይዛ ትውጣለች፣ አትከራከርም። ድሮ ከሷ ጋር ተከራክሮ የሚረታ አልነበረም። ክርክሯ ናፈቀኝ።

ባሌ ሥራ ቦታው ታጥቦ፣ ልብሱን ቀይሮ ነው የሚመጣ። በር ላይ ጫማውን አውልቆ በቀጥታ ባዶው በረንዳ። ከኔ ጋር «ዳቦ አለ?»፣ «በሩን ልዝጋው?» እንባባላለን። ከልጁ ጋር ግን ምንም። ስትመጣ ይነሳል። ፊቷን ማየት አቃተው። ልቆጣው እፈልግና… ትከሻው ወርዶ ሳየው ይተወኛል። ደግሞ እጠላዋለሁ። ባንድ ቀን ውስጥ ሁለቱም።

ጥር 23

ደሟ ውስጥ ያለው ወርዷል። ባለ ኦቨርሎኳ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ግን ሐኪሟ ያሉትን ይዤ ነው የመጣሁ።

«ከደሟ እየወጣ ነው። ያበላሸውን መድኃኒቱ አይጠግነውም። የተወሰነው በራሱ ይመለስ ይሆናል፣ የቀረውን እንደ አዲስ ትማራለች።»

«ስንቱ ይመለሳል?»

«አላውቅም። አላውቅምና አልዋሽሽም።»

አስተማሪዋም መከረችኝ። አንደኛ ክፍል ትመለስ። ከትንንሾቹ ጋር፣ ከፊደል። እሺ አልኩ። እሺ ከማለት ሌላ ምን አለኝ? ወጥቼ ከአጥሩ ኋላ አለቀስኩ። ፊቴን ታጠብኩና ሥራ ገባሁ።

የካቲት 10

ራት አንስቼ ሳህን አጥባለሁ። ጠጠር ጠረጴዛው ላይ ፊደል ገበታዋን ዘርግታለች። ጣቷ አንዱ ፊደል ላይ ቆሞ ቀረ። አልወረወረችም፣ አልጮኸችም። እሱ እንደልማዱ ሊነሳ ሲል ጠራችው።

«አባዬ፣ ና እስቲ።»

መጣ። አልተቀመጠም፣ ወንበሩን ይዞ ቆመ።

«ይኼን በፊት እችለው ነበር፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። መጽሐፍ ታነቢልኝ ነበር።»

«ማን ወሰደብኝ?»

እጄ ውኃው ውስጥ ቀረ። በሽታው ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ የወሰድኩብሽ። ሳላውቅ።»

ልጄ ቀና ብላ ብዙ አየችው። ፊቷ ላይ ቁጣ ፈለግሁ፣ የለም። ልቅሶም የለም። ፊደል ገበታውን በሁለት እጇ ወደሱ ገፋችለት።

«እሺ፣ መልስልኝ።»

ተቀመጠ። ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን እያየ ከመጀመሪያው ፊደል ጀመረ፣ ድምፁ እየተሰባበረ። እሷ ከኋላው ትከተለዋለች፣ ትስታለች፣ እንደገና ይላታል። ሦስተኛው መስመር ሳይደርሱ ደከማትና እንቅልፍ ይዟት ሄደ። እሱ አሁንም እዚያው ተቀምጧል፣ ለነገ የሚጠይቃትን ፊደል እየመረጠ።