አንድ ካርድ ለአንድ ሰው

ዓርብ፣ ግንቦት 1

ሰባ ስምንት ሞልቶኛል። ውሃዬን እራሴ እቀዳለሁ። ሸሚዜን እራሴ አጥባለሁ፣ ካኔቴራውንም። ሩዝ እቀቅላለሁ... ያርራል፣ እበላዋለሁ። ጢሜን ያለ መስታወት እላጫለሁ። ይቺንም እራሴ ነኝ የምጽፋት። ፊደል ያስቆጠረችኝ ሚስቴ ናት፣ በአርባ ዓመቴ። ውብነሽ፣ ነፍሷን ይማር።

አዲሱ ትራም ሥራ ከጀመረ ወዲህ በሰፈራችን በካርቲየ 7 ቢስ ሌላ ወሬ ጠፋ። መቶ ፍራንክ ተወደደ ይላሉ። ሚኒባስ በሃምሳ ይወስደን ነበር ይላሉ። ሳምቡሳ የምትሸጠው ሳብሪን ዛሬም መንገድ ላይ ትጮኻለች። "ለፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር ከረባት ለባሾች ነው የተሠራው! ለኛ የተረፈን ጥላው ነው!"

ተከራከርኳት። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፣ ሐዲድ ላይ ኖሮ ሐዲድ ላይ ነው የሞተው። ሐዲድ ሲሰደብ ዝም ልበል? በዚህ ሙቀት ቀዝቃዛ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ መሄድ መቶ ፍራንክ አይበዛበትም አልኳት።

"አባባ ተክለወልድ፣ ደሞዝ ቆረጡልዎ እንዴ?" አለች።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ይሳቅ።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ልጄ ዝማሬ መጣች ከምትኖርበት ከጋቦዴ። ለሽማግሌ ግማሽ ዋጋ አለ አለች። ፎቶ ብቻ ተነሣ፣ አባዬ።

"ግማሽ ሰው ነኝ?"

"ሙሉ ሰው ነህ። ግማሽ ክፈል ነው ያልኩህ።"

እምቢ አልኩ። እንደ ማንም ሰው ሙሉውን ካርድ ገዛሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ምን ዓይነት ቀን ነው...

ዓብዱልመጂድን ሐኪም ጋ ላድርሰው ብዬ ይዤው ወጣሁ። የድሬዳዋ ልጅ፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ የሃምሳ ዓመት ጓደኛዬ። አንድ ዓይኑ ተቀዶ ታሽጓል። በሚኒባስ ዘመን እኔና እሱ የየራሳችንን ከፍለን አናውቅም። የቀደመ ለሁለት ይከፍላል። የተቀደመው ይቆጣል። እስክንወርድ እንጨቃጨቃለን። ሰው እንዲህ ነው የሚኖረው፣ ሌላ አናውቅም።

ዛሬም ካርዱን ሊያወጣ ሲል እጁን ያዝኩት። "በሞትኩት፣ ዛሬ በኔ ነው!" ካርዴን ማሽኑ ላይ አስነካሁ። ጮኸ። ደግሜ አስነካሁ። ጮኸ። ሁለት ጩኸት፣ ሁለት ሰው። ገባን።

ተቆጣጣሪው መጣ፣ ወጣት ነው። ሁለተኛው ጩኸት "ከፍለሃል፣ ደግሜ አልቀበልም" ማለት ነው አለ። አንድ ካርድ ለአንድ ሰው ነው አለ። እኔ ነጻ፣ ዓብዱልመጂድ ሳይከፍል የተሳፈረ ሆነ። ጮህኩበት። ያሳደገህ የለም አልኩት። ከኋላ አንዱ በሶማሊኛ "ሽማግሌ ሌባ" አለ። ሁለታችንም ሰማን።

ቅጣቱን ዓብዱልመጂድ ከፈለ። የኔን ገንዘብ አልነካም። በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደ፣ በዚያ ፀሐይ፣ በአንድ ዓይን። ተከተልኩት።

"አትከተለኝ፣ ተክሌ። በዚህ ከተማ ሱቅ ከፍቼ ስኖር ሌባ ያለኝ የለም። ዛሬ ተባልኩ። ካርዴ ኪሴ ውስጥ እያለ።"

ታክሲ ይዞ ሄደ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ደወልኩ። አያነሣም።

እሁድ፣ ግንቦት 10

ቤቱ ሄድኩ። ልጁ ሱሪያ በር ላይ ቆመች። "አባባ ተክሌ፣ ተኝቷል።" ከውስጥ ሬድዮ ይሰማል፣ ስለ ትራም ዋጋ ይከራከራሉ። የተኛ ሰው ሬድዮ ይከፍታል?

ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሱቅም አልሄደም። ትራሙ ላይ ጎረቤት ነጋዴ ነበረ። ደንበኛ በምን ዓይኔ አያለሁ ይላል።"

ማሽኑ ነው ልላት ነበር። ግን ማሽኑ ነው እጁን የያዘው? እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

የትራሙ ሰዎች ስለ ዋጋው ሕዝብ እናነጋግራለን ብለዋል። ሐሙስ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ አዳራሽ ውስጥ። እሄዳለሁ።

ዝማሬ በስልክ፦ "አባዬ፣ በምን ቋንቋ ልትናገር?"

"ባለኝ።"

"መጥቼ ላስተርጉምልህ።"

"አንቺ ሥራሽን ሥሪ።"

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

በእግሬ ሄድኩ። ትራሙ ሦስቴ አለፈኝ። ዝማሬ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አብረን ገባን።

አዳራሹ ገበያ ነው። አንዱ ሃምሳ ይሁን ይላል። አንዱ ታዲያ ብድሩን ማን ይከፍላል ይላል። ሳብሪን ተነሣች። "ለዘንቢሌም አስከፈሉኝ! ሰው ከሆነ ወንበር ስጡታ!" አዳራሹ ፈነዳ። እውነቷን ነው። ያን ቀን በከንቱ ተከራከርኳት።

ተራዬ ደረሰ። ወንበር ይዤ ተነሣሁ። በሶማሊኛ ጀመርኩ፣ ፈረንሳይኛ ጣል አደረግኩበት፣ ያቃተኝን በአማርኛ። ዝማሬ ሳልጠይቃት ተረጎመች። ባለፈው ሳምንት ትራም ላይ የተቀጣ ሰው አለ አልኩ። ዓብዱልመጂድ፣ ጨርቅ ነጋዴው። ሌባ ተባለ። ካርዱ ኪሱ ውስጥ ነበር። ልክፈል ሲል እጁን የያዝኩት እኔ ተክለወልድ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። "አባት፣ ስለ ዋጋው ጥያቄዎ ምንድን ነው?"

"ጥያቄ የለኝም። ምስክር ነኝ። ሌባ ያሉት ሰው ፊት ነው። እኔም ሰው ፊት ልናገር መጣሁ።"

አንዱ ሳቀ። ዝም አሰኙት።

ከመቀመጤ በፊት አንድ ነገር ጨመርኩ። መቶም ይሁን ሃምሳ፣ ሰው ለሰው የሚከፍልበት መንገድ አብጁለት አልኩ። እናስብበታለን አሉ። በዚያ አዳራሽ በነጻ የተሰጠን ይሄ ብቻ ነው።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ዋጋው መቶ ሆኖ ይቀጥላል ተባለ። ሳብሪን ከጠዋት ጀምራ ትራገማለች። አብሬ ተራገምኩ።

እሁድ፣ ግንቦት 17

ስልክ ጮኸ። ሰላምታ የለም።

"በሬድዮ ሰማሁህ" አለ።

"ሬድዮ ነበር እንዴ እዚያ?"

"ሶማሊኛህ አሁንም ያነክሳል።"

"ገባህ ወይ ግን?"

"ትናንት ሱቅ ከፈትኩ። ያ ጎረቤቴ መጥቶ ጨበጠኝ" አለ። "ነገ ሐኪም አለኝ። ሱሪያ ላድርስህ ትላለች።"

"ሱሪያ ሥራዋን ትሥራ።"

"በጠዋት ና" አለ። ዘጋው።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

ፌርማታው ላይ ቀድሞኝ ቆሟል። ካርዱን በእጁ ይዞታል። እጄ እጁን ሊይዝ አለ... መለስኩት። እሱ አስነካ። እኔ አስነካሁ። የየራሳችንን ከፈልን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሁለታችንም አፈርን መሰለኝ። ሁለት ፌርማታ አለፍን።

"ወንበሩ ቀዝቃዛ ነው" አለ።

"ነው" አልኩ።

ሐኪሙ ዓይኑን ፈታለት። ያያል። መጀመሪያ ያለው፣ "እንዲህ አርጅተሃል እንዴ?"

አሁን ዕዳዬን ልክፈል። ማንም እንዳያግዘኝ። ለተቆጣጣሪው ልጅ፣ ያሳደገህ የለም ያልኩትን ቃል ይቅርታ ብዬ እመልሳለሁ፤ በዚያ መስመር ነው የሚሠራው፣ አላጣውም። ለሳብሪን፣ ሰው በተሰበሰበበት ልክ ነሽ እላታለሁ፣ ትሳለቅብኝ። ለዝማሬ፣ አዳራሽ ውስጥ ተባረኪ ሳልላት ቀረሁ፤ እላታለሁ። ለዓብዱልመጂድ፣ ቅጣቱን። በእጁ ብሰጠው አይቀበልም። ሱቁ ሄጄ የሱሪ ጨርቅ እገዛለሁ። የጠራውን ዋጋ እከፍላለሁ፣ ቀንስ አልልም።

ስንት ይጠራ ይሆን... ጨካኝ ነጋዴ ነው።