ከፊልትሮው ጀርባ የተገኘው እጅጌ

ወንድም ጋሼ፣

የትራክተሩ የተጣበቀ የአየር ፊልትሮ በመጨረሻ ወጣ። ናፍጣ አርከፍክፌበት አሳደርኩትና ጠዋት ዙሪያውን በመዶሻ እጀታ መታ መታ ሳደርገው ለቀቀ። ናፍጣ ያለበትን ባልዲ እሳት አጠገብ እንዳታደርገው።

አዲሱን ገጥሜ ሳስነሳው ያ ጥቁር ጭስ የለም። «ሞተሩ ሞቷል፣ ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጥ» ያልከው ትራክተር ማለቴ ነው።

ትናንት አባባ ፊት «አንተ ስለ ሞተር ምን ታውቃለህ» ያልኩህን መልሼ ወስጃለሁ። የማያውቅ ሰው ከፊልትሮው ጀርባ የሞተሩን አየር መተንፈሻ ፈልጎ ጨርቅ አይወትፍም። ራሱ ገባ እንዳትለኝ፤ ጨርቅ እግር የለውም።

ለምን ለመሸጥ እንደቸኮልክ አልጠይቅህም።

ጨርቁን አጥቤ ገመዱ ላይ አስጥቼዋለሁ። የሰማያዊው ሸሚዝህ እጅጌ ነው።

አባባ ገዢውን ይዞ ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል። እኔ ትራክተሩን ይዤ ታችኛው ማሳ ወርጃለሁ። ወይ አንተ ንገረው፣ ወይ ገመዱ ይነግረዋል።