ቀይ ነው ስትዪኝ ብርቱካን ነው ያልኩሽ

ይድረስ ለዝናሽ፣ ለቤቴ እመቤት፤

አርፈሽ ከተለየሽኝ ስምንት ወር ሞላ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምትጽፈው ልጃችን ውዴ ናት። ያልኩትን እንዳታሳምሪ ብያታለሁ።

ሰፌድ ስትሰፊበት የነበረው ጥግ የኔ ዕቃ ሞልቶበታል፤ የሞተ ራዲዮ፣ የተሰበረ ስልክ። አዲሱ ዕቃ ቆቦ ከተማ አይገኝ፣ ከአሮጌው እነቅላለሁ። ሮቢት ድረስ ሄጄ የተጣለ ቴፕ ፈትቻለሁ።

ማሽላው አሽቷል፤ ግሪሳው ወርዷል። አምና ማማው ላይ ስትጮኺ ድምፅሽ ቢዘጋ፣ በአንቺ ፋንታ ወፉን የሚያባርር ነገር እሠራልሻለሁ ብዬሽ ነበር። አሁን እሱን ይዣለሁ። ያስቸገረችኝ ያቺ የስንዴ ፍሬ የምታህለው፣ ኤሌክትሪኩን የምትመጥነው ሬዚስተር ናት። ልኳን የሚናገረው የቀለም ቀለበቷ ነው፤ ፊደል አያሻም እያልኩ ስንቱን ተማሪ አሳፍሬበታለሁ። ቀለሙን የምትነግሪኝ ግን አንቺ ነበርሽ። የሰፌዱን አለላ በቀለም ስትነክሪ የኖርሽ፣ ዓይንሽ አይስትም።

ብቻዬን መርጬ ገጠምኩ፤ ጨሰ። ሌላ ገጠምኩ፤ ጨሰ። ቆቦ ያለው ራዲዮ ጠጋኝ አይቶ፣ «አባባ፣ ይሄ እኮ ቀይ ነው! ብርቱካን መስሎዎት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ጤና ጣቢያ ብሄድ፣ ዓይንህን ሞራ ከጋረደው ዓመታት አልፎታል አሉኝ።

ዓመታት! አምና የጎረቤታችንን የሐሰንን ራዲዮ ሳቃጥል፣ ቀይ ነው ብለሽኝ ነበር። ብርቱካን ነው ብዬ ጮኽኩብሽ። ሲቃጠል ደግሞ፣ እሷ ናት ያሳሳተችኝ ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ከዚያ ወዲያ አጠገቤ አልተቀመጥሽም። አኩርፋ ነው ብዬ እኔም ኮራሁና የወፍ ማባረሪያውን ሥራ ጣልኩት። አንቺ በተዘጋ ድምፅሽ እስከ አጨዳ ጮኽሽ።

ባለፈው የቅሬው፣ የዕድራችን ሰው በተሰበሰበበት ተነሥቼ፣ ጥፋቱ የኔ ነበር አልኩ። ሐሰን፣ «ያኔውኑ አውቄዋለሁ፤ እሷን አፍሬ ነው ዝም ያልኩ» አለኝ። እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም። ይገባኛል።

መሣሪያው ገና አልሠራም። ውዴ ቀለሙን ትነግረኛለች፤ አልከራከራትም። ከማሽላው ብዙውን ወፍ በልቶታል። ለቀረው እኔው ማማ ወጥቼ እጮሃለሁ። እስከ ቀትር ጉሮሮዬ ይሰነጠቃል። ያን ሁሉ ቀን እንዴት ቻልሽው እላለሁ። በሕይወት እስካለሁ እንዲህ ነው የማስብሽ፤ በየቀኑ፣ በተሰነጠቀ ጉሮሮ።

ባልሽ