በሐዘኔ ስም ስለተዘጋው የልጆች ስልጠና

ለክቡር ብዋና ሙቱንጊ
የምኮኮኒ የሸራ ጀልባ ክለብ ሊቀመንበር

አሰላሙ አለይኩም። እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የክለቡ አባላትና በረንዳው ላይ የሚያርፉት እንግዶች ሁሉ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ሲያቀርቡልኝም እበላለሁ። ቀስ ብዬ ስለምጽፍ ለመዘግየቴ፣ ግልባጩንም በዓሣ ገበያው ግድግዳ ላይ ለመለጠፌ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ባለፈው ወር ልጄ ሶሞዬ በክለባችሁ የወጣቶች ውድድር ላይ ጀልባዋ ተገልብጦ ሞታለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ይህን ማስታወሴ ድፍረት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ፤ ነገር ግን በራችሁ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ስሟን መጥራት ስላልቻለ ልርዳችሁ ብዬ ነው። ምስጋናዬን እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ጭብጨባው አመሰግናለሁ። ጀልባዋ ሲገለበጥ በድምፅ ማጉያው የሚናገረው ሰው “አትደንግጡ፣ ልጆቻችን መገልበጥንም ይማራሉ! እስቲ አጨብጭቡላት!” ሲል ሁላችንም ሰምተናል። ዋሽቶም አይደለም፤ ይማራሉ። ሶሞዬ ጀልባ ገልብጦ ማቃናት ከሁሉ የምትወደው ጨዋታዋ ነበር። እራት ላይ ሳህኑን ደፍታ “አንቺ ድንች፣ ክብደትሽን እዚህ ጋ ነው የምትጥዪው” እያለች ታናሿን ቲማን ታስተምራት ነበር። ስለዚህ እንግዶቹ ከልባቸው አጨበጨቡ። የሸራው ገመድ በሕይወት አድን ጃኬቷ ላይ ተጠምጥሞ ከሸራው ሥር እንዳስቀራት ከበረንዳ ሆኖ አይታይም። ልጄ በሕይወቷ ያን ያህል ሰው አጨብጭቦላት አያውቅም።

፪. የነፍስ አድኗ ባለሞተር ጀልባ በዚያ ሰዓት እንግዶችን ለምሳ ወደ አሸዋው ደሴት እያደረሰች ነበር። በደህና መድረሳቸውንና ምሳው ሳይቀዘቅዝ መብላታቸውን በመስማቴ ደስ ብሎኛል። ልጄን ያወጧት መረባቸውን ውሃ ውስጥ ትተው የመጡ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። የቻሉትን ያህል ቀዝፈዋል፤ ክንድ ግን ሞተር አይደለም።

፫. ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ስለ አክብሮታችሁ ነው። ማስታወቂያችሁ “ለእናትየዋ ሐዘን ክብር ሲባል የመንደር ልጆች ስልጠና ላልተወሰነ ጊዜ ተዘግቷል” ይላል። ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም፤ ይህም ላለማስቸገር እንደሆነ ይገባኛል። የልጆቹ ጀልባዎች ሸራ ለብሰው ተቆልፎባቸዋል። የእንግዶቹ ጀልባዎች ግን በየቀኑ ይወጣሉ፤ እነሱ ሐዘን አልተነገራቸውም መሰለኝ።

ቲማና ጓደኞቿ በሩ ድረስ ሄደው ነበር። ጠባቂው “ሂዱ እናንተ ሸርጣኖች! የቲማን እናት አታስለቅሷት!” ብሎ ሲያባርራቸው ቲማ “እሷ የምታለቅሰው እቤቷ ነው፤ ጀልባዎቹ ምን አደረጓት?” ብላ መለሰችለት። ለዚህ ስድነቷ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቀጥዬ እኔው ራሴ ሄድኩ። ጠባቂው ባርኔጣውን አውልቆ “ማማ ቲማ፣ ላንቺው ተብሎ እኮ ነው” አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። በእኛ ዘንድ እናት ማማ ተብላ በበኩር ልጇ ስም እንደምትጠራ፣ ልጁ ቢሞትም ስሙ ከእሷ እንደማይወሰድ ያውቃል፤ ግን ማማ ሶሞዬ ለማለት አንደበቱ ፈራ። ስትቀበር ያላመንኩትን ሞቷን ያኔ በራችሁ ላይ አመንኩ።

አልደብቅዎትም፤ ቲማ ዳግመኛ ሸራ ባትይዝ ደስ ይለኝ ነበር። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ቲማ የት እንዳለች እጠይቃለሁ። ነገር ግን ሶሞዬን የወሰዳት መማሯ አይደለም። እዚህ ልጆች ባሕር ላይ መውጣታቸው አይቀርም፤ ቁም ነገሩ ሲወጡ የሚጠብቃቸው ሰው መኖሩ ነው። ስለዚህ ስልጠናውን እንድትከፍቱ፣ ልጆች ውሃ ላይ እስካሉም የነፍስ አድኗ ጀልባ ምሳ እንዳታመላልስ በትሕትና እለምናለሁ። ይህ የሚከብድ ከሆነ ግን ማስታወቂያውን አንሱትና ስልጠናውን በራሳችሁ ስም ዝጉት። ሐዘኔን መልሱልኝ። ለበር ቁልፍነት አልሰጠኋችሁም።

ስለ ሰፊው በረንዳዎ፣ ስለ ረጅሙ ዝምታዎና ስላልተጠየቀው አክብሮትዎ ጥልቅ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ሥራዎ እንዲቃናልዎ ዱዓ አደርጋለሁ።

ምዋናሻ ከምቦ
የሶሞዬና የቲማ እናት

ከፈረምኩ በኋላ የጨመርኩት፦ መልስዎ እስኪደርሰን ልጆቹ በዓሣ አጥማጆቹ ማረፊያ፣ በተውሶ ታንኳዎችና በዱቄት ጆንያ ሸራ ልምምድ ጀምረዋል። ወንድሜ ሌላ ታንኳ ውስጥ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አድርጎ አጠገባቸው ይቀመጣል። ዓሣ አያጠምድም፣ ሰው አያደርስም፣ ምንም አይሠራም፤ ሥራው እሱ ነው። ክቡርነትዎ መጥተው ቢመለከቱን እንኮራለን፤ ነገር ግን በእግርዎ እንዲመጡ እንለምናለን፤ እርስዎን ለማምጣት የምንልከው ታንኳ የለንም።