በአቶ ወርሳሜ ዒብራሂም ዕረፍት እና በስማቸው ስለተዘጋው በር

ከግቢ አስጎብኚዎችና የበር አስተናጋጆች መረዳጃ ማኅበር
ድሬዳዋ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማኅበራችን አባላት፣ ለሥራ ባልደረቦች እና ለድሬዳዋ ሕዝብ በሙሉ

በከተማችን የሚገኘው የርዕሰ ብሔር ማረፊያ ግቢ ለሕዝብ ጉብኝት ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ የጎብኚውን ተራ በማስተባበር ያገለገሉት አቶ ወርሳሜ ዒብራሂም፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ዓርብ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበራችን ከባድ ሀዘን ላይ ነው። ቁጣው ከሀዘኑ አያንስም። ሁለቱን ለያይተን ለመጻፍ ሞክረን አልሆነልንም፣ ስለዚህ በአንድ ወረቀት ወጥተዋል።

አቶ ወርሳሜ አንቱ ሲባሉ የሚስቁ ሰው ነበሩ። ድሬ ያደገ ሰው አንቱ የሚባለው ሲታመም ወይም ሲታሰር ነው ይሉ ነበር። እዚህ እርሳቸው እያልን የምንጽፈው ወረቀቱ ስለሚያስገድደን ነው፤ ይቅር ይበሉን።

ሟቹ ቀፊራ አካባቢ ተወልደው ያደጉ ሲሆን፣ ወደ ግቢው ከመምጣታቸው በፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚኒባስ ተራ አስከባሪ ነበሩ። ይህን የምንጠቅሰው ለታሪክ ማሟያ አይደለም። በግቢው የሠሩት ሥራ ሁሉ የተቀዳው ከሚኒባስ ተራ ነው። በተራ ሕግ፣ መኪና ጎማ ፈንድቶበት ወይም ትራፊክ አስቁሞት ከሰልፍ ቢወጣ ተራው አይቃጠልም፤ ሲመለስ ቦታው ይጠብቀዋል። አቶ ወርሳሜ ለመኪና የሚሠራ ሕግ ለሰው የማይሠራበት ምክንያት አልታይ ብሏቸው ሞቱ።

በ2013 ዓ.ም. ግቢው ሲከፈት ጎብኚዎችን ሃያ ሃያ አድርገው የሚያስገቡበትን ሥርዓት ዘረጉ። ስልክና መታወቂያ በር ላይ በቁጥር ተረክቦ በቁጥር እንዲመለስ አደረጉ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ስልክ አልጠፋም። በዚያው ዓመት በጎን በር የመጡ የአንድ ባለሥልጣን ዘመዶችን ወደ ሰልፉ ጭራ ልከው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል። ማስጠንቀቂያውን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ይዞሩ ነበር። በጎን በር የሚመጣ ሲያዩ አውጥተው፣ «አቦ፣ እኔ አንድ ጊዜ ተቀጥቻለሁ፤ አንተ ደግሞ ተሰለፍ» ይሉ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. የተመላሾች መዝገብን ጀመሩ። ማረፊያው የርዕሰ ብሔር ቤት እንደመሆኑ እንግዳ ሲመጣ ያለ ማስታወቂያ ይዘጋል። ይህ ይገባናል፤ ጥበቃም ሥራ ነው። ያልገባን ነገር፣ ለመንገዱ ፍየል ሸጦ የመጣ ሰው «ዛሬ ዝግ ነው» ተብሎ ሲመለስ ማንም ስሙን አለመጠየቁ ነበር። አቶ ወርሳሜ ስሙን ጠየቁ። ባለ መስመር ደብተር ገዝተው ስም፣ የመጡበት ቦታ፣ የተመለሱበት ቀንና ምክንያት ጻፉ፤ በየጉብኝቱ ቀንም ከመዝገቡ ዐሥር ሰው በቅድሚያ እንዲገባ አስፈቀዱ። ምክንያት የሚለውን ዓምድ ማኅበራችን ሰሞኑን ከዳር እስከ ዳር አንብቦታል። እንግዳ መጣ። ምንጣፍ ታጠበ። መብራት ጠፋ። ከሁሉ የሚበዛው ግን «አልተነገረም» የሚለው ነው።

በ2015 ዓ.ም. ጉብኝቱ በኦሮምኛና በሶማልኛም እንዲሰጥ አደረጉ። አስጎብኚ እስኪቀጠር አልጠበቁም፤ ራሳቸው ገብተው አስጎበኙ። በ2016 ዓ.ም. ከበሩ ውጭ የቆርቆሮ ጥላና የውኃ በርሜል አስቀመጡ። ድሬ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ነው አይልም።

በ2017 ዓ.ም. መዝገቡ ተከለከለ። የግቢው ጉብኝት አስተዳደር፣ ከእንግዲህ ምዝገባ በስልክ መተግበሪያ ብቻ ነው፣ የእጅ ጽሑፍ መዝገብ ለግቢው ገጽታ አይመጥንም የሚል ደብዳቤ አወጣ። አስቀድመው የተመዘገቡትስ ተብሎ ሲጠየቅ «በሂደት ይታያል» የሚል መልስ ተሰጠ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ የሚወጣ የጀልዴሳ አርብቶ አደር መተግበሪያ አውርድ ተባለ። አቶ ወርሳሜም ከበሩ ተነስተው የመጋረጃና የምንጣፍ ንብረት ክፍል ተመደቡ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሚኒባስ፣ አራት ዓመት ሕዝብ ያሰለፉ ሰው መጋረጃ ጠባቂ ሆኑ።

በዚያን ጊዜ ይህ ማኅበር የት ነበር? ዝም አይነቅዝም ብለን ተቀምጠን ነበር። አንድም ደብዳቤ አልጻፍንም። ዛሬ የምንጮኸው ጩኸት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንደሆነ እናውቃለን፤ ማንም ሳይነግረን ራሳችን ጽፈነዋል።

እርሳቸው ግን ዝም አላሉም። ቅዳሜ ቅዳሜ በዕረፍት ቀናቸው ከበሩ ውጭ በገዛ ጥላቸው ሥር ደብተራቸውን ይዘው ይቀመጡ ነበር፤ ተመላሽ ሲመጣ ይጽፋሉ። ለአሥር ወራት ያህል ቢሮ ለቢሮ ተመላልሰው በመዝገቡ ራስ ላይ ላሉት አርባ ሦስት የጀልዴሳ ሰዎች ብቻ የሚያገለግል የመግቢያ ደብዳቤ አገኙ። እነዚህ ሰዎች ሦስት ጊዜ መጥተው ሦስት ጊዜ ተመልሰዋል። ከመካከላቸው አቶ ሙመድ ሽሬ የተባሉ የሰባ ስድስት ዓመት አዛውንት አሉ። አባታቸው የግቢው ግንብ ሲሠራ ድንጋይ በግመል ያመላለሱ ናቸው። አቶ ሙመድ ግንቡን ከውጭ በኩል በደንብ ያውቁታል። ከውስጥ በኩል አይተውት አያውቁም። የሚፈልጉት ይህንኑ ብቻ ነበር። ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ቀን ቅዳሜ ኅዳር 13 ነው።

አቶ ወርሳሜ ዓርብ ዕለት ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ለማኅበሩ ጸሐፊ የተናገሩት የመጨረሻ ነገር «ነገ የጀልዴሳዎቹን እንዳትረሺ፣ ወላሂ ሰውየው አርጅቷል» የሚል ነበር። አሥር ሰዓት ላይ አረፉ።

ዓርብ አመሻሽ ላይ የግቢው አስተዳደር ወደ ማኅበራችን ስልክ ደወለ። ለሟቹ ክብር ሲባል የቅዳሜው ጉብኝት እንዲዘጋ ታስቧል፣ ማኅበሩ ይስማማል ወይ ብሎ ጠየቀ። ማኅበሩም፣ «እናመሰግናለን፣ ትልቅ ክብር ነው» አለ።

አዎ፣ እንዲህ አልን። በሀዘን ድንኳን ውስጥ፣ እንባችንን እየጠረግን፣ በሩ በስማቸው እንዲዘጋ ፈቀድን። ዕድሜ ልካቸውን ከተዘጋ በር ጋር ሲከራከሩ የኖሩ ሰው ሬሳቸው ሳይቀበር፣ የተዘጋ በር ክብር ነው ብለን ተቀበልን። የሀዘን ነገር ነው፣ ሰው ይዘነጋል የሚሉን አሉ። አንቀበልም። የጀልዴሳዎቹን ነገር የሰማነው በዚያው ቀን ነበር።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል አርባ ሦስቱ ሰዎች በአይሱዙ ጭነት መኪና መጥተው ከበሩ ፊት ወረዱ። በሩ ላይ የአቶ ወርሳሜ ፎቶግራፍ ያለበት ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። ከፎቶው ሥር፣ «በንብረት ክፍል ባልደረባችን ዕረፍት ምክንያት ጉብኝት ለዛሬ ዝግ ነው» ይላል። ንብረት ክፍል! ሰውየውን መጋረጃ ውስጥ ከከተቷቸው በኋላ በሞታቸውም ከዚያ አላወጧቸውም። ከሕዝቡ ፊቱን የሚያውቅ እንጂ ጽሑፉን የማያነብ ስለነበረ፣ አንዳንዶቹ ሰውየው ተሹመው ነው ብለው ደስ አላቸው። መሞታቸውን የነገራቸው የበር ጠባቂው ነው።

አስተዳደሩን የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። የመግቢያ ደብዳቤውን የፈረመው እጅና ባነሩን ያሳተመው እጅ አንድ ቢሮ ውስጥ ናቸው። በአሥር ሜትር ርቀት ውስጥ አንዱ ለሌላው «ነገ እኮ የጀልዴሳዎቹ ቀን ነው» ማለት እንዴት አቃተው? የባነሩ ወጪ አላስቆጨንም። ያስቆጨን፣ ለባነር የተገኘው ፍጥነት ለአንድ ሰው መንገር ሲሆን መጥፋቱ ነው።

በዚያ ቀን ያልተቆጣ ሰው ቢኖር አቶ ሙመድ ሽሬ ናቸው። ከጠባቂው እንደሰማነው፣ ባነሩን ትንሽ ቆመው ካዩ በኋላ ወደ ሰዎቻቸው ዞረው፣ «እሱ እኛን ለማስገባት ሲደክም ከረመ። ዛሬ እኛ እሱን እናድርሰው» አሉ። አርባ ሦስቱም በእግራቸው ወደ ሀዘንተኛው ቤት መጡ። ጀናዛውን ከተሸከሙት መካከል ናቸው። እኛ ማን እንደሆኑ እንኳን አልጠየቅናቸውም፤ ቀብር ላይ ብዙ ሰው ስላየን ደስ አለን። ማንነታቸውን ያወቅነው ከቀብር መልስ፣ መኪናቸው ሊነሳ ሲል ነው።

እሑድ የማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ ነበር። መዝገቡ እስኪከበር ሥራ እናቁም የሚል ሐሳብ ከወጣት አባላት ቀርቦ በድምፅ ወድቋል። በሩን እኛም ከዘጋነው ከማን ተሻልን? በምትኩ የሚከተለው ተወስኗል።

አስተዳደሩ በአቶ ወርሳሜ ስም የተሰቀለውን ባነር እንዲያነሳ፣ በስማቸው መታሰቢያ የሚደረግ ከሆነም ግቢው የተከፈተበት ቀን እንጂ የተዘጋበት ቀን እንዳይሆን እንጠይቃለን። ቀኑ ያለፈበት የጀልዴሳዎቹ ደብዳቤ ለቅዳሜ ኅዳር 20 እንዲታደስ ጽፈናል፤ መልስ አልደረሰንም። ቢደርስም ባይደርስም ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ መላው አባላት ከበሩ ፊት፣ በጥላው ሥር እንገኛለን። የአይሱዙውን ኪራይ ማኅበሩ ይችላል። መዝገቡ ከመጀመሪያው ስም ጀምሮ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ የተመለሱበት ምክንያትም አብሮ ይነበባል። «አልተነገረም» የሚለው በተደጋገመ ቁጥር በሩ ውስጥ ያሉት ይስሙት። ኅዳር 13 የተመለሱትንም በዚያው ደብተር በእኛ እጅ ጽፈናል፤ ምክንያት በሚለው ዓምድ ሥር «ማኅበሩ ፈቅዶ» ብለናል።

ለአቶ ወርሳሜ ባለቤት ለወ/ሮ ሃምዳ፣ ለልጆቻቸው ለሹክሪና ለፋርሂያ፣ ለወዳጅ ዘመዶቻቸው እንዲሁም በበሩ ላይ አብረዋቸው ለቆሙ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። አላህ በር በማይዘጋበት ቤት ያሳርፋቸው።

ወ/ሮ ሃምዳ ባለቤታቸው የሚያስጎበኙትን ቤት ገብተው እንደማያውቁ የተረዳነው መዝገቡን ስናገላብጥ ነው። በ2016 ሰኔ ወር ከጎረቤቶቻቸው ጋር መጥተው ምንጣፍ ታጥቧል ተብለው ተመልሰዋል፤ ስማቸው እንደማንኛውም ሰው በባለቤታቸው እጅ ተጽፎ ይገኛል። ትናንት ለለቅሶ በሄድንበት፣ ቅዳሜ ከሁሉ አስቀድመን እናስገባዎት ብለን ጠየቅናቸው። አዘኑብን። «ተራዬ ሲደርስ» አሉ።

በመዝገቡ ላይ ከፊታቸው ሦስት መቶ አርባ አንድ ሰው አለ።

ሙኒያ ኻሊፍ
የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ዓርብ አመሻሽ ስልኩን ያነሳሁት