ወይዘሮ ተናኜ ኢተፋ እና ፊት ለፊት የቆሙት የቫይትቬት ስፌት ሱቆች

ወይዘሮ ተናኜ ኢተፋ ከአባታቸው ከአቶ ኢተፋ ገመዳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በቀለች ዲሳሳ እ.ኤ.አ. በ1953 በነቀምቴ ከተማ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ልብስ ስፌት ሠለጠኑ። በ1976 ከአቶ ልደቱ ነገዎ ጋር በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ልጃቸውን ኤሊን ወለዱ። በ1991 ከነቤተሰባቸው ኖርዌይ፣ ኦስሎ ገብተው፣ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ (ሲኬየም) ልብስ ማጠቢያ ክፍል ለረጅም ዓመታት አገለገሉ።

በ2006 ያላቸውን ሁሉ አፍስሰው በከተማው በቫይትቬት ሰፈር የገበያ ማዕከል ትንሽ የስፌት ሱቅ ከፈቱ። ሥራው ሱሪ ማሳጠርና ዚፕ መቀየር ነበር። ዓመት ሳይሞላ አበጋዝ የተባለ ወጣት፣ አዳዲስ የስፌት መኪናዎች ይዞ ፊት ለፊታቸው ከፈተ። ደንበኛው ወደዚያ ዞረ፤ ሱቁ ሊዘጋ ደረሰ። እሳቸውም ለአመሩድ ሰፈር የቤት ኅብረት መሪ ደውለው የጸሎት ርዕስ አስያዙ። የማንንም ስም ግን አልጠሩም።

በጸሎቱ ቀን መሪው፣ "የአንዲት እህት ሥራ በተፎካካሪ ተፈትኗል፤ አዲሱ ወንድማችን ይጸልይልን" አሉ። አዲሱ ወንድም ለካ አበጋዝ ነው! ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ጌታ ሆይ፣ የዚያን ተፎካካሪ ሱቅ በር ዝጋው!" እያለ ጮኸ። ቤቱ በአሜን ተናወጠ። ሲወጡ ወይዘሮ ተናኜ ደረጃው ላይ ያዙት።

"አንተ ልጅ፣ ዝጋው ያልከው ሱቅ ያንተው ነው።"

"እንዴ እትዬ! እርስዎም አሜን አሉ?"

"ኔይ፣ የለም፤ አሜን ልበል ብል አፌ መች ታዘዘኝ!"

ሁለቱም ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ተናኜ በሩ እንዲዘጋ መለመናቸውን ተዉ፤ እሱ የማይሠራውን መፈለግ ያዙ። በአንድ የሕፃናት መዋያ (ባርነሃገ) አጥር በኩል ሲያልፉ ጉልበቱ የተቀደደ የሕፃናት የዝናብ ቱታ ዓይናቸው ገባ። ጥቂቱን አቃጥለው፣ ጥቂቱን አበላሽተው፣ ውሃ የማያስገባ መጣፊያ በሙቀት መለጠፍን በራሳቸው ተማሩ። ዓርብ የሰበሰቡትን ቱታ ጠግነው ሰኞ ጠዋት ያስረክቡ ጀመር። በ2008 እስከ ሃውገንስቱዋ ሰፈር ድረስ ያሉ ባርነሃገዎች ደንበኞቻቸው ሆኑ፤ ሁለት እናቶችንም ቀጠሩ። አበጋዝም በተራው የቆዳ ጃኬት ጥገና ጀመረ። "እሱ ባይመጣብኝ ሱሪ ሳሳጥር እቀር ነበር" ይሉ ነበር።

በ2009 መጀመሪያ ካንሰር ታወቀባቸው። አበጋዝ ሆስፒታል ድረስ ሄዶ፣ የራሱን ሱቅ ዘግቶ የሳቸውን ሊይዝላቸው ለመናቸው።

"ተው ልጄ፤ ሱቁን ለልጄ ለኤሊ እተወዋለሁ፤ ያንተ ከተዘጋ እሷን ማን ያተጋታል? እሷም ትክፈት፣ አንተም ክፈት፤ ተሽቀዳደሙ" አሉት።

እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 2009፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው እጃቸውን እንደያዟቸው በሰላም አረፉ። ባለቤታቸው አቶ ልደቱ፣ ልጃቸው ኤሊና ሁለት የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ቀርተዋል። ሁለቱ ሱቆች ለዛሬ ቀብራቸው ተዘግተዋል፤ ነገ እንደ ቃላቸው ሁለቱም ይከፈታሉ። በድካማቸው ያበረታቸው ጌታ ነፍሳቸውን በዕረፍቱ ይቀበል፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናቱን ያብዛ።